ተሰማኝ

«ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ መርፌው ሲነካዎት ‹ተሰማኝ› ይበሉ» አለችው ሐኪሟ። ልብስ ሰፊው ጨፈነ። ከአከርካሪው ነርቭ ላይ ዕጢ ከወጣለት ወዲህ እግሮቹ የሰው ዕቃ መስለውታል። ዕድሜ ልኩን በመርፌ ያደረ ሰው፣ አሁን መርፌ ሊፈርድበት ሆነ።

ሚስቱ ከራስጌው ቆማ እጁን ይዛ ነበር። መርፌው እግሩ ላይ ባረፈ ቁጥር ጣቶቿ ሳታስበው ጥብቅ ይሉ ነበር፤ እሱም ያንን ጠብቆ «ተሰማኝ» ይላል። «አሁንም ተሰማኝ። ኧረ ይሄኛውማ አመመኝ!»

ሐኪሟ የተያያዙትን እጆቻቸውን አየች። «እናቴ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይጠብቁን።»

በሩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን እንደጨፈነ ባዶ መዳፉን ጨብጦ ጠበቀ፣ ጠበቀ።

«ይጀምሩ እንጂ ዶክተር» አለ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ።»