ሮሆቦት አሜን እስክትል

ሮሆቦት ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን አገጯ ሥር አጣምራለች። ዓሣው አስተናጋጇ ስታመጣው ይጨስ ነበር፤ አሁን አይጨስም።

«...ስለ ትሮሊው አውቶቡስም እናመሰግንሃለን ጌታ ሆይ፣ ፍሪ ስለሆነ። ሹፌሩ ደወሉን እንድደውል ስለፈቀደልኝም እናመሰግንሃለን።»

የታላቅ እህቴ የሄለን ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው። የማዕድ ጸሎት በእኛ ቤት እንዴት እንደሚሄድ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ምግቡን ባርክ ይባላል፣ ያዘጋጁትን እጆች ባርክ ይባላል፣ ለሌላቸው ስጥ ይባላል፣ ከዚያ «በኢየሱስ ስም» ሲባል ሹካ ይነሳል። ዛሬ ግን ልጅቱ «በኢየሱስ ስም» ጋ አልደርስ አለች።

አጀማመሯስ ደህና ነበር። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ሳህኑ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ስልክ ነበር የማየው። «ያዘጋጁትን እጆች ባርክ» አለች። ቀጥላ «የዶክተሮቹንም እጆች ባርክ» አለች። ክው አልኩ።

ጠዋት አባቷ ባርናባስ በር ላይ ሲያስረክበኝ፣ «ማሚ ትሬኒንግ አላት ብለናታል። አደራህን፣ ምንም እንዳታውቅ» ብሎኛል። ሄለን ፌርፋክስ ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ላይ ናት፤ ሆዷ ውስጥ የተገኘውን እብጠት ሊያወጡላት። ከምሳ በፊት ያልቃል፣ ወዲያው እደውላለሁ ብሎ ነበር። ምሳው ይኸው መጥቷል። ስልኩ ጭጭ።

እኔም በታዘዝኩት መሠረት የምኖርባትን የአሌክሳንድሪያን አሮጌ ከተማ ሳስጎበኛት ዋልኩ። ኡበር ስነዳ ስንቱን ቱሪስት እዚህ አራግፌያለሁ፤ በእግሬ ስዞረው ግን የመጀመሪያዬ ነው። በጠባብነቷ የታወቀችው ሰማያዊ ቤት ፊት ለፊት ሮሆቦት እጆቿን ዘርግታ ወርዷን ለመለካት ሞከረች። «ይቺማ ከእኔ የላንድማርክ አፓርትመንት ትሰፋለች» ስላት ከት ብላ ሳቀች። ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም፣ ተመስገን አልኩ። ለካ እኔን እያዝናናችኝ ነው የዋለችው!

«አንክል ጊዲንም ይቅር በለው» ብላ እኔንም ጨምራ ቀጠለች። «የዋሸው ዳዲ ዋሽ ስላለው ነው።»

«ሮሆቦት፣ ማን ነገረሽ?»

«በጸሎት መሀል አይወራም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ግን አልቻለችም። «ማሚ ባስሩም ገብታ ስትጸልይ ሰማኋት።»

እንዴት አይሰማም! እህቴ ስትጸልይ እኮ ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ይሰማታል። ከልጅ የሚደበቅ ምሥጢር ይዞ በዚያ ድምፅ ወደ እግዚአብሔር መጮህ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ሥራ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዩ ሉክድ ስኬርድ።»

ፈርተህ ነበር ማለቷ ነው። ፈርቼ ነበር። አሁንም ፈርቻለሁ።

አስተናጋጇ ኬቻፕ ይዛ መጣች። ልጅቱን ስታይ እሷም አንገቷን ደፍታ ቆመች። ጥቂት ጠበቀችና፣ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ሲገባት ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ሄደች።

«ሸራ ስላለው ትልቅ መርከብ እናመሰግንሃለን። ወንዙን ባሕር ነው ስላለኝ ስለ አንክል ጊዲ እናመሰግንሃለን። አንክል ጊዲን ስላባረረችው ዳክዬ...»

«ሮሆቦትዬ፣ ዓሣው እኮ በረዶ ሆነ። አሜን በይና እንብላ።»

«አሜን ካልኩ ያልቃል።»

«ምኑ?»

«ጸሎቱ ነዋ። ዳዲ ሳይደውል ማለቅ የለበትም።»

እኔ ቸርች ከረገጥኩ ዘመን ሆኖኛል። ሄለን በየሳምንቱ ደውላ ና ትለኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ ኤርፖርት ሥራ አለኝ እላታለሁ። እሷ ከሌለች ና የሚለኝ ማን ነው ብዬ አሰብኩ። ሟርተኛ! አልኩ ለራሴ።

ልጅቱ ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። ያየነው ሁሉ ሊያልቅባት ነው።

«ስለ አይስክሬሙም» አልኳት።

«አይስክሬም አልበላንም እኮ።»

«እንበላለን።»

«ስለምንበላው አይስክሬም እናመሰግንሃለን» አለች ቶሎ ብላ። «ማንጎ ስለሚሆን።»

«ቸኮሌትም።»

«ቸኮሌትም። ለማሚም ስለምንወስድላት...»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ «ባርናባስ» ይላል። ሮሆቦት ዓይኗን ጭራሽ አጥብቃ ጨፈነች። ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት።

«አንሳው» አለች።

አነሳሁ። ባርናባስ ያለቅሳል። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ለምን እንደሆነ በስልክ አይለይም።

«ኧረ ተናገር፣ አትግደለኝ!»

«ጨረሱ። በሰላም ወጣች፣ ነቅታለች» አለኝ በመጨረሻ።

«በሰላም ወጣች? ነቃች?» ብዬ ልጅቱ እንድትሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጎን ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

«እንደነቃች መጀመሪያ ያለችው ‹ሮሆቦት በላች ወይ?› ነው። ምን ልበላት?»

ሳህኑን አየሁት። አንድ የተጠበሰ ድንች እንኳ አልተነካም።

«እየበላች ነው በላት።»

ሮሆቦት አንድ ዓይኗን ገለጠች። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየችኝ። «በኢየሱስ ስም» አለችና የቀዘቀዘውን ድንች በሁለት እጇ አፍሳ አፏ ውስጥ ወተፈችው። ጉንጮቿ ተነፉ፤ የቀረውን ቃል ልታወጣ ብትሞክርም መውጫ አጣ።

«አሜን» አልኩላት።