የፈረስ ጭራ

ሕፃኗ ስትወለድ በሁለቱም እጆቿ ስድስት ስድስት ጣት ነበራት። እናቷም አባቷም አምስት አምስት ነበራቸው። በሰፈሩ ስድስት ጣት ያለው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጠናጋሻው ብቻ ነበር።

«ጤፍ ዘርቶ ገብስ ያጨደ ሰው የለም» አለ ባል።

«ካንተ ሌላ ወንድ አላውቅም። በዘራችሁ ይኖር እንደሆነ አገር ቤት ላክና እናትህን ጠይቅ» አለችው አራሷ፣ በደከመ ድምፅ።

«ምን ያስጠይቀኛል? ይኸው!» ብሎ እጆቹን ዘረጋላት።

በማግስቱ ጠናጋሻውን በገዛ መቀሱ ወግቶ ገደለው።

እናቱ ወሬውን ሰምታ ከአገር ቤት መጣች። መጀመሪያ ሕፃኗን አየች፤ ከዚያ ምሳ ቋጥራ ልጇ ወደታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«ልጅህ ቁርጥ አንተን» አለችው።

«ጣቷስ?»

«ጣቷም። አንተም እንደሷ ሆነህ ነው የተወለድከው። ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ በአራስነቴ በፈረስ ጭራ አስሬ አስጣልኩልህ። ነግሬህም አላውቅ።»

እጆቹን ገልብጦ አየ። በሁለቱም ላይ፣ ከትንሿ ጣት ሥር በውጭ በኩል፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ጠባሳ አለ።