የበሰበሰው ቁራጭ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆቴሉን የዓሣ ገንዳ የተንከባከበችው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘርፌ ነበረች። ባለቤቱ የባሕር ዓሣ ለማኖር አዲስ ገንዳ አሠራና መክብብ የሚባል ባለሙያ ቀጠረ። ባለሙያውም በእንግዶች ፊት «ይሄ የባሕር ውኃ ነው፤ መጥረጊያ የያዘ እጅ አይነካውም» ብሎ ከገንዳው አባረራት።

ቂም ቋጠረች። አዲሱ ገንዳ ገና ዓሣ አልገባበትም ነበርና በየማለዳው ከወጥ ቤት ቁራጭ ዓሣ እየሰረቀች ከድንጋዮቹ ሥር ትሸጉጥ ጀመር። ይበስብስ፣ ውኃውን ይመርዘው! ዓሦቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ሲንሳፈፉ ያኔ ባለሙያነቱን እናያለን!

መክብብ ውኃውን በብልቃጥ ቀድቶ ሲመረምር «መርዙ አሞኒያ ጣሪያ ነካ» ማለቱን የሰማች ዕለት ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ዓሦቹ ገቡ። ቀን ቆጠረች፤ ወር ሞላ፤ አንድም አልሞተ።

ወለሉን ስትወለውል መክብብ አጠገቧ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዎታለሁ። አዲስ ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ የሆነ ነገር ካልበሰበሰ መርዙን የሚበላው ባክቴሪያ አይራባም። በየሄድኩበት ቁራጭ ዓሣ የምከተው እኔው ነበርኩ፤ ሽታው ግን ከእጅ አይለቅም። አሁን እርስዎ ገላገሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»