ዳንቴል የለበሰው ስልክ

አባወራው ገመድ አልባውን የቤት ስልክ የገዛው ገመዱ አስቸግሮት አይደለም፤ ጎረቤት እንዲያይለት ነው። መመሪያ ማንበብ ክብሩን ስለሚነካው የስልኩ መቀመጫ ላይ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ በየተራ ተጫናቸው። የድምፅ ማጉያ ሥዕል ካለበት ቁልፍ አጠገብ አንዲት ቀይ መብራት በርታ ቀረች፤ አማረችው፣ ተዋት። ከዚያ አቧራ እንዳይነካው ስልኩን ሳሎን አስቀምጦ ዳንቴል አለበሰው።

እሁድ ሴት ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሳሎን ውስጥ እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ።

«ታላቅ ወንድሜን ሳላማክር መልስ አልሰጥም» አለና የስልኩን እጀታ ከመቀመጫው አንስቶ እየተጎማለለ ጓሮ ወጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስለቴ ሰመረ! መጡላት! እኔማ ዛሬውኑ ቢወስዷት ደስታዬ ነበር። ግን እንዳንቀልባቸው ትንሽ ላመላልሳቸው።»

ኮስተር ብሎ ተመለሰ፤ መስመሩን ሳይዘጋ እጀታውን ኮት ኪሱ ከተተው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንደኛው በነጠላው አፉን ሸፍኗል። አክብሮት መሰለው።

«ወንድሜ በጣም ተቆጥተዋል» አለ። «የልጃችን ፈላጊ ብዙ ነው። እስቲ ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ።»

ከዳንቴሉ ሥር የታላቅ ወንድሙ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ እሺ በላቸው!»