ከል

ፋሺስቶች ባሏን ከነቤቱ ባቃጠሉ በሳምንቱ ከል ለበሰች። ከሏ ግን የእነሱው ጥቁር ሸሚዝ ነበር። "የባሏ አመድ ሳይበርድ ጣሊያን ወዳጅ ያዘች" ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ነፈጋት።

በሙት ዓመቱ የንስሐ አባቷ ከሏን ሊያስወልቋት መጡ።

"ልጄ፣ ይህን ሸሚዝ የለበሰ ሁሉ ሐበሻ ሰው አይደለም ብሎ የማለ ነው። እንዴት በሱ ታዝኛለሽ? ማንስ ሰጠሽ?"

"የሰጠኝ የለም፣ አባ።"

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ከግራ ጡቷ በላይ የካራ ወርድ ያለው ቀዳዳ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

"ቤታችንን የለኮሰው ሰውዬ ሸሚዝ ነው" አለች። "ልብሱ እንዳይበሳ አንገቱን ነበር ያሰብኩት፤ ዘወር አለብኝ።"