የእማዬ የከረሜላ ወረቀት

በሰፈራችን የተጣለ ቆሻሻ ሁሉ መጨረሻ የነካውን ሰው ስም በላዩ ላይ ያወጣል። ባለስሙ መጥቶ በባዶ እጁ ያነሳል፤ እሁድ ደግሞ መንገድ ይጠርጋል። ድሃና ሀብታም አይለይም። ደንቡ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

እማዬ በሞተች በአርባ አንደኛው ቀን የሰፈሩ ዳኛ ጋሽ ድልነሳ በሬን አንኳኩ። በጉጠት የከረሜላ ወረቀት ይዘዋል። ላዩ ላይ የእማዬ ስም፣ «የሻረግ ወልዴ»፣ ያበራል።

«እትዬ አስካለ ደጃፍ፣ ቦዩ ውስጥ ተገኘ» አሉ። «ሟች አትጠርግ ነገር፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ነክቶ በስሙ ያዙረው።»

«እማዬ ወረቀት አትጥልም» አልኩ።

የከረሜላ ወረቀት የምትቋጥረው ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነበር። ነጠላዋ የሐዘኑ ድንኳን በፈረሰ ማግስት ጠፍቷል። ቋጠሮ ፈትቶ ነጠላ የሚያራግፍ ሰው ደግሞ የሚወድቀውን ወረቀት በእጁ አይነካውም።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከዳኛው ኋላ ቆመዋል።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ሌባ መሰልኩሽ?»

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ፣ እትዬ?» ወደ ዳኛው ዞርኩ። «ጋሼ፣ ጠረጋውን እጠርጋለሁ። ወረቀቱን ግን ሳልነካው ላስቀምጠው። መጨረሻ የእሷ እጅ የነካው ነገር ከዚህ ሌላ አልቀረኝም።»

ጋሽ ድልነሳ አመነቱ። እትዬ አስካለ ግን እጃቸውን ሰደው ወረቀቱን ጨበጡት።

«በቃ፣ የእኔ ነው! እኔ እጠርጋለሁ። የሙት ስም ከቦይ ጋር አይነሳም!»

«ደግ ሴት!» ብለው ጋሽ ድልነሳ መረቋቸው።

እትዬ አስካለ መዳፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ወረቀቱ አሁን «አስካለ በየነ» ይላል።