ጌሙን ማን ጨረሰው?

ይህ ወሬ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው።

ልብስ ሰፊው በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ፣ ስለ አንድ የጎራዴ ቪዲዮ ጌም ከጎረቤቱ ከበያጁ ጋር ክርክር ገጥሟል።

«የመጨረሻውን ንጉሥ አንዴ እንኳ ሳይነካኝ ነው የገደልኩት።»

«አንተ? መርፌ ሲወጋህ ሰፈር የምታናጋው ሰውዬ? ደግሞ መጨረሻው መግደል ብቻ አይደለም አሉ። ጎራዴህን ከጣልክ ይታረቅሃል።»

«ለጨረሰ ሰው መጨረሻውን ትነግራለህ እንዴ?»

አፉ ይህን ይበል እንጂ ጆሮው በሀፍረት ይነድ ነበር። የጨረሰው እሱ አይደለማ! አምና የሞተው ታናሽ ወንድሙ ነው። ልብስ ሰፊው የሟቹን ድል ዓመት ሙሉ የራሱ አድርጎ ሲያወራው ከረመ።

«በል ክፈትና አሳየኛ!» አለ በያጁ።

ምን ያድርግ፤ የሱቁን ቴሌቪዥን አብርቶ ጌሙን ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የወንድሙ የቁልምጫ ስም ወጣ። ከስሩ «ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው፦ ዛሬ ጠዋት» ይላል።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አብረን አይደለን እንዴ?» አለ በያጁ ቀስ ብሎ። «ማን ነካው?»

መቆጣጠሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የያዘው ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው የጌሙ ጀግና ግን ንጉሡን ትቶ ዞረ፤ ጎራዴውን ጣለና ልብስ ሰፊውን ፊት ለፊት ያየው ጀመር።

«የጨረሰው ወንድሜ ነው» አለ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ።

እሺ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እኔ ነኝ የጨመርኳት። እሱ እስካሁን ምንም አልተነፈሰም፤ ጀግናውም ባዶ እጁን ቆሞ እየጠበቀው ነው።